በእርሳስ የተጻፉትን ደብተሮች ፍለጋ እስከ ጌዶ

ጌዶን አይታችሁ የማታውቁ ብዙ ናችሁ፤ ብዙዎቻችሁም አታዩአትም። አልፈርድባችሁም። እኔም ባልላክ ኖሮ በዚያ በኩል ከሆለታ የሚያሳልፈኝ ጉዳይ አልነበረኝም። ተላክሁ፣ ሄድሁ፣ ተመለስሁ። ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ፤ ማሳመር አልችልበትም።

የምሠራው አዲስ አበባ፣ የድሮ የጂኦሎጂ ደብተሮች የሚጠበቁበት አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ጂኦሎጂስት ማለት ገደል ለገደል እየዞረ ድንጋይ በመዶሻ የሚፈልጥ፣ የፈለጠውን አገላብጦ የሚያይ፣ ሲቸግረውም የሚልስ፣ ከዚያ ያየውን እዚያው ቆሞ በኪስ ደብተር የሚጽፍ ሰው ነው። ሰውየው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሞት ደብተሮቹ ወደ እኛ ይመጣሉ። አንዳንዱ ላይ ገና የድሮው ጭቃ አለ፤ እንዳናራግፈው ታዘናል። የኔ ሥራ ሣጥን ማውረድ፣ ሣጥን መስቀል፣ የተጠየቀውን ደብተር አውጥቶ መስጠትና እንደወጣ መመለሱን ማየት ነው። ቢሮ ውስጥ «ለሽፈራው ንገሩት» ሲባል አንድ ከባድ ነገር ሊነሳ ነው ማለት ነው።

ፊደል የቆጠርሁት ልጄ ሰባተኛ ክፍል ከገባች በኋላ በማታ ትምህርት ነው። አባቴ ታላቄን ትምህርት ቤት ሲሰድ እኔን ደብረ ብርሃን አጠገብ ድንጋይ ፈለጣ አሰማራኝ። ታላቄ እስከ ዛሬ በስልክ አጭር መልእክት ይልክልኝና ወዲያው ደውሎ «አንብበህ ጨረስከው?» ይለኛል። ይህን አልረሳለትም።

ኦቦ ለሚ የሚባል ጂኦሎጂስት ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ደብተሮቹ እኛ መደርደሪያ ላይ አሉ። መሐሉ ባዶ ነው። የአምቦን፣ የጉደርን፣ የእንጭኒንና የጌዶን አገር በእግሩ ሲያካልል የጻፋቸው ደብተሮች ጌዶ፣ ከባለቤቱ ከአዴ ጫልቱ ዘንድ ቀርተዋል። መዝገብ ቤቱ ከእኔ በፊት ሁለት የተማሩ ሰዎች ልኮ ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤ ይዞ ሄደ፤ ምሳ ተጋብዞ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሁለተኛው ደብዳቤና መኪና ይዞ ሄደ፤ ምሳና መክሰስ ተጋብዞ ባዶ እጁን ተመለሰ። አሁን ደግሞ አዴ ጫልቱ ቤታቸውን አከራይተው ነቀምት ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ነው የሚል ወሬ መጣ። ቤት ሲለቀቅ አሮጌ ወረቀት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል።

አለቃችን ወይዘሮ ሰብለ ጠራችኝ። «ጋሽ ሽፈራው፣ በቃ አንተ ሂድ» አለችኝ። «ባይሰጡህም እንኳ እንዳታስቀይማቸው።» አፌን ታውቀዋለች። ይዣቸው እመጣለሁ አልኳት። ሌላው ያቃተውን ሥራ ሲሰጡኝ ደረቴ ይነፋል፤ አመሌ ነው።

የመጀመሪያው ቀን።

ከአስኮ በጠዋት ተነሳን። ወሩ ሰኔ ነው፤ ሰማዩ ገና ከሌሊቱ ያኮረፈ ይመስላል። ቡራዩን፣ መናገሻን፣ ሆለታን አልፈን አዲስ ዓለም ላይ ሾፌሩ «ቁርስ» ብሎ ቆመ። ማርያምን ከውጭ ተሳልሜ ከመንገዱ ማዶ ካለች ቤት ገባሁ። ፍርፍር መጣልኝ። ቅቤው ቅቤ ነው፤ እኛ ሰፈር ቅቤ ተብሎ የሚሸጠው ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። በጥሞና እየበላሁ ሳለ አውቶቡሱ ሄደ። ቦርሳዬ አውቶቡሱ ውስጥ፣ የመዝገብ ቤቱ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ።

የቤቱ ባለቤት፣ ድምፅዋ ደወል የሆነ ሴት፣ ደጃፍ ወጥታ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረች። ባጃጅ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ መጣ። እኔን እንደ ጆንያ ወርውራ አስገባችኝ። አውቶቡሱን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ለጤፍ የታረሰ ማሳ አጠገብ ረዳቱ መንገደኛ ሲጭን ደረስንበት። ባለባጃጁን ሒሳብ ስለው «ስትመለስ ፍርፍርህን ጨርስ ብላሃለች» አለኝና ዞሮ ሄደ። አዲስ አበባ ቢሆን አውቶቡሱን ትቼ መልሴን ይዞ የጠፋ ባጃጅ እፈልግ ነበር።

ከጊንጪ በኋላ መሬቱ ይለሰልሳል፤ አየሩም ይሞቃል። አምቦ መናኸሪያ በር ላይ ኦቦ ዲንቃ ቆሞ ጠበቀኝ። ዲንቃ ለሚን ለብዙ ዓመት ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው፤ ሰብለ ደውላ መምጣቴን ነግራዋለች። አልጋ ልያዝ ስለው ቦርሳዬን ነጥቆኝ ከፊቴ ሄደ። እንግዳውን ሆቴል አሳደረ ከተባለ ከሰፈር መልቀቁ ነው።

የቤቱ ፊት በአምቦ ድንጋይ የተለበጠ ነው። የአምቦን ድንጋይ አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃዎች ላይ አይታችሁታል፤ ያ ከቢጫ ወደ ቀይ የሚያደላው። እጄን አስኬድሁበት። የታመቀ አሸዋ ነው። የኛ አገር ድንጋይ ጥቁር ነው፤ የመዶሻ እጀታ ይሰብራል፣ የሰው አንጓ ያወልቃል።

«ይሄን ነው ድንጋይ የምትሉት?» አልኩት። «ይሄ ዳቦ ነው።»

«የእናንተማ እንደ ራሳችሁ ነው» አለኝ ዲንቃ፤ «ጥቁርና ግትር። የኛ የጠየቅኸውን ቅርጽ ይሰጥሃል።»

ሚስቱ ከጓዳ ሆና ሳቀች። ለራት ጩምቦ አቀረበችልን። ጩምቦ ወፍራም የጤፍ እንጀራ ላይ አይብና ቅመም ያለው ቅቤ ተደርጎበት እንደ ኬክ እየተቆረጠ የሚበላ ነው። አንዱ ቁራጭ የአንድ ቀን ቀለብ ነው። ሦስተኛውን እንቢ ስል ተቀየመች፤ አራተኛውን በልቼ ታረቅን። ከዚያ የአምቦ ውሃ ተከፈተ። እኔ ቤት አምቦ ውሃ የሚገዛው ሆድ ሲነፋ ነው፤ ዲንቃ ቤት ሁልጊዜ አለ። ጩምቦውን ከበላሁ በኋላ ምክንያቱ ገባኝ።

ስለ ለሚ ሲያወራ ዲንቃ እጁን መሪ እንደያዘ አድርጎ ነው። ለሚ መኪና ያስቆም የነበረው ሰው በማያስቆምበት ቦታ ነው፤ መታጠፊያ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ አንዴም የሠርግ አጀብ መሐል። የሚጽፈው በእርሳስ ብቻ ነው፤ እርሳስ ዝናብ ቢመታው አይፈስም። እርሳሱን በሰንጢ ይቀርጻል። ላጲስ ግን ደመኛው ነበር። አንድ ጀማሪ ልጅ ላጲስ ይዞ መኪናው ውስጥ ቢገባ ለሚ በመስኮት ወረወረበት። ሜዳ ላይ የተጻፈ አይፋቅም። ተሳስተህ ከሆነ በላዩ አንድ መስመር ብቻ ታሰምርና ትክክሉን ከጎኑ ትጽፋለህ፤ ስሕተትህ ከመስመሩ ሥር መነበብ አለበት። ትክክል የነበረው እሱ ሆኖ ሊገኝ ይችላላ። ሕጉን እኔም ከመዝገብ ቤት አውቀዋለሁ፤ ላጲሱ ሲወረወር በዓይኑ ካየ ሰው መስማት ግን ሌላ ነው።

ድንጋይ መላሱንም ጠየቅሁት። አንድ ቀን ለሚ ከመንገድ ዳር አንዱን አንስቶ ላሰና «ጨው ጨው ይላል» አለ አለኝ። ዲንቃ ጥቂት ቀደም ብሎ ውሻ እግሩን ሲያነሳበት አይቷል። ለሚ እስኪሞት ድረስ ዲንቃ ይህን አልነገረውም።

«ጫልቱን ስለ ደብተሩ አትጠይቃት» አለኝ በማግስቱ ሲሸኘኝ። «ስለ ለሚ ጠይቃት።» ምክሩ ጥሩ ነበር። ግማሹን ብቻ ተጠቀምሁበት።

ሁለተኛው ቀን።

ጉደር ከአምቦ ቅርብ ነው፤ ሰው የጀመረውን ጨዋታ ሳይጨርስ ይደርሳል። መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ተከምሯል። ከድልድዩ አልፈን አቀበቱን ስንጀምር የኋላው ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ወረድን፤ ዝናቡም ይህን ሲጠብቅ እንደነበረ ሁሉ ወረደ። ቦርሳዬ ጣሪያ ላይ ታስሯል። ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ፕላስቲካቸውን ከሽንኩርቱ ላይ አንስተው ለእኛ ዘረጉልን። ሽንኩርቱ ይረጥባል ብላቸው አንዷ «ሽንኩርት ጉንፋን አይዘውም» አለችኝ። ደብረ ብርሃን ቢሆን መጀመሪያ የማን ዘመድ እንደሆንሁ እጠየቅ ነበር።

ዝናቡ አባርቶ ቦርሳዬ ሲወርድ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ደብዳቤ ገንፎ ሆኗል፤ ማህተሙ ሮዝ ኩሬ ሆኖ አልፎበታል። የጉዞዬን ነገር የምጽፍበት ደብተርም አለ። ልጄ ለልደቴ በሰጠችኝ ውድ እስክሪብቶ፣ ያ ቀለሙ ወፍራም በሆነው፣ ነበር የጻፍሁት። ሰማያዊ ደመና ሆኖ ቀረ። አንድ ገጽ ብቻ ተረፈ፤ አውቶቡስ ውስጥ እስክሪብቶው ጠፍቶኝ በእርሳስ የጫርሁት። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አብዛኛውን ከማስታውሰው ነው የጻፍሁት፤ የጎደለ ካለ ጉደር ላይ ነው።

ጌዶ በጭጋግ ተቀበለችን። ብርዷን የደብረ ብርሃን ታናሽ እህት ብላት አላበላሽም፤ ልዩነቱ የኛው ብርድ ደረቅ ነው፣ የጌዶ ብርድ እጅህን ይዞ አብሮህ ቤት ይገባል። ያደርሁበት አልጋ ቤት ባለቤት እርጥብ ልብሴን ሲያዩ ሳልጠይቃቸው ከሰል አያይዘው ኮቴንና ሱሪዬን ወስደው አጠገቡ በወንበር ላይ ዘረጉ፤ የራሳቸውን ጋቢም አለበሱኝ። ራቴን በሰው ጋቢ ተጠቅልዬ፣ ያለ ሱሪ በላሁ። ከገበያ የመጡ ሁለት የከብት ነጋዴዎች አይተውኝ ሽማግሌ መስዬአቸው ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ።

ሦስተኛው ቀን።

የአዴ ጫልቱ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከበሩ እስከ ደረጃው ድንጋይ ተደርድሯል፤ ሰው ጭቃ ሳይነካ እየረገጠ እንዲገባ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር አለ። ለሚ ከየተራራው ያመጣቸው ናሙናዎች ናቸው። መዝገብ ቤት እንዲህ ያለውን በጥጥ ጠቅልለን እናስቀምጣለን። እዚህ እየረገጥሁ ገባሁ።

አዴ ጫልቱ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ በወጣትነታቸው የጥልፍ ባለሙያ ነበሩ። በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፣ በኦሮምኛ መለስሁ። ኦሮምኛዬ ሰላምታው ላይ ያልቃል፤ ገባቸውና ወደ አማርኛ ዞሩልኝ። ደብዳቤውን ይቅርታ ጠይቄ አሳየሁአቸው። ገንፎውን አይተው «የመጀመሪያው ደብዳቤ ከዚህ ያምር ነበር» አሉኝ። ዲንቃ እንደመከረኝ ስለ ለሚ ጠየቅሁ። ውሻው ያለበትን ታሪክም ነገርሁአቸው፤ ዲንቃ ይቅር ይበለኝ። እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከዚያ ራሳቸው ተነሥተው ሣጥኑን አመጡ። ሁለቱ የተማሩ ሰዎች እዚህ አልደረሱም። በልቤ ወደ ሰብለ መደወል ጀምሬ ነበር።

ከላይ ያለውን ደብተር ከፈትሁ። የለሚን እጅ አውቀዋለሁ፤ የሌሎቹን ዓመታት ደብተሮች ስንት ጊዜ አውጥቼ መልሻለሁ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ አላነበውም፤ ቅርጹን ግን ከሩቅ እለየዋለሁ። ይህ ለሚ ነው፣ ለሚም አይደለም። በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ሰማያዊ እስክሪብቶ ሄዶበታል። በሚቀጥለውም፣ በሚቀጥለውም። የተራሮቹ ሥዕል ሳይቀር እንደ ጥልፍ ዙሪያውን ተለቅሟል። ለሚ ራሱ መስመር አስምሮ የሰረዛቸው ቃላት ብቻ በእርሳስ እንደነበሩ ናቸው። ከሣጥኑ ሥር ያሉት ጥቂቶቹ ገና አልተነኩም።

«ይህ ቀለም ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«የኔ ነው» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «እርሳሱ እየጠፋ ሄደ። በላዩ በላዩ ሄድሁበት። እሱ የሰረዘውን ግን ተውሁት፤ እሱ የተወውን እኔ ምን ቤት ነኝ የማስነሳው?»

«አበላሽተውታል» አልኳቸው።

ማሳመር አልችልም ብያለሁ። ፊታቸው እንደ በር ተዘጋ። ደብተሩን ከእጄ ወሰዱ።

«ለሚ እንደሞተ አንዱን ይዤ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ» አሉኝ። «ከከተማው ወረቀት ጋር ይቀመጥልኝ ብዬ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ ገለጥ ገለጥ አደረገና በእርሳስ የተጻፈ ሰነድ አይሆንም፣ በእስክሪብቶ ይሁን አለኝ። መጥቼ በእስክሪብቶ አደረግሁት፤ ዓይኔ እስኪደክም። አሁን አንተ አበላሸሽ ትለኛለህ። ለሚ በምን ይጻፍ? በደም ይጻፍ?»

ሣጥኑን ቆልፈው ቁልፉን ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። ምሳውን ግን አልከለከሉኝም፤ ዶሮ ነበር፤ እንቁላሉንም ለእኔ አወጡ። ሁለታችንም በማናነበው ጽሑፍ ተጣላን። እንደ ሁለቱ የተማሩ ሰዎች ምሳ በልቼ ባዶ እጄን ቁጥር ባላቸው ድንጋዮች ላይ ወጣሁ። ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ኔትወርክ የሚይዘው ከአልጋ ቤቱ ጀርባ ነው። ለሰብለ ደውዬ ደብተሮቹ አልቀዋል አልኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት።

«ማን አለህ አልቀዋል?» አለችኝ። «ጋሽ ሽፈራው፣ የሌላ ሰው እጅ ያረፈበት ደብተር እኮ ሞልቶናል። የምንቸገረው እጁ የማን እንደሆነ ሳናውቅ ሲቀር ነው። ቀለሙ የማን እንደሆነ እሳቸው ራሳቸው በቁራጭ ወረቀት ይጻፉልንና በመሐሉ ይግባ። የሰረዘውንም ሳይነኩ መተዋቸው ትልቅ ነገር ነው። የቀሩትን ግን እባክህ፣ ከእንግዲህ አይንኩአቸው።»

ይህን ሳልሄድ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። መች ጠየቅከኝ አለችኝ። ዘጋሁት። እውነቷን ነበር፤ ሰው እውነቱን ሲሆንብኝ አልወድም።

አራተኛው ቀን።

ጠዋት ተመልሼ ሄድሁ። አዴ ጫልቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዕቃ ይጠቀልላሉ፤ የነቀምቱ ጉዞ እውነት ነው። ቀና ብለው አይተውኝ «ምሳ ገና አልደረሰም» አሉኝ። ሳልጠየቅ አጠገባቸው ተቀመጥሁና የበሰበሰውን ደብተሬን አወጣሁ። ሰማያዊውን ደመና አሳየሁአቸው። በውድ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው አልኳቸው። ከዚያ በእርሳስ የጫርሁትን ገጽ ገለጥሁ። ፊደሎቼ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ቢሉም አንዱም አልጠፋም። ለሚ በእርሳስ የጻፈው ለዚህ ነው፤ ሰነድ አይሆንም ያሉዎት ሰውዬ ዝናብ መትቶት አያውቅም አልኳቸው።

ገጼን አተኩረው አዩት። «ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የልጅ መስሎኝ» አሉና የትናንቱ ፊታቸው ጥቂት ከፈት አለ።

እኔም ነገርሁአቸው። ማታ ትምህርት ስገባ አስተማሪያችን ስሜን በነጠብጣብ ጽፋ ሰጠችኝ። በነጠብጣቡ ላይ እርሳሴን እየጎተትሁ፣ ላብ እያላበኝ፣ ሽ ብዬ ጀምሬ ው ላይ ደረስሁ። ስሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው በሌላ ሰው ነጠብጣብ ላይ ነው። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጫለሁ። አበላሸኸው ያለኝ ሰው የለም። ትናንት ያየሁት ይህንኑ ነበር፤ አፌ ቀድሞኝ ሄደ።

ከዚያ የጠየቁኝ ያልጠበቅሁትን ነው።

«ጣሪያችሁ ያፈሳል?»

«ያፈሳል» አልኩ። «ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ። ሦስት ጊዜ ተጽፎለታል፣ አልተሠራም። የለሚን እዚያ አላስቀምጥም።»

«አይጥስ?»

«አለ። ድመትም አለች፤ ሰነፍ ናት።»

«የፊተኞቹ ሁሉም አስተማማኝ ነው ነበር ያሉኝ» አሉ። ሳቅ አይሉት ትንፋሽ አንድ ነገር ወጣቸው። «እሺ፣ ብትወስዳቸው የለሚ ይባላሉ። ይገባዋል። የኔ ዓይን ያለቀበትስ ምን ይባላል?»

ሰብለ ያለችኝን ነገርሁአቸው። የርስዎ እጅ መሆኑን በወረቀት ይጽፋሉ፣ ስምዎ ከደብተሩ ጋር ይቀመጣል አልኩ። እጃቸውን ዘርግተው አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። መጻፍ አልችልም፣ አሻራ ላድርግ አሉ። ይህን ሁሉ የፈረንጅ ፊደል በእጅዎ አስኬደው ስምዎን አልችልም ይላሉ? አልኳቸው።

«ያንን ለሚ መንገዱን አስምሮልኝ ሄዷል። ስሜን ማን አሰመረልኝ?»

ቁራጭ ወረቀቶች ቀደድሁ። በእርሳሴ፣ እንደ ማታዋ አስተማሪዬ፣ በነጠብጣብ «ቀለሙ የጫልቱ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ቀለም ለነካው ለየደብተሩ አንድ አንድ። በደብተሮቹ ላይ የሄዱባትን ያቺኑ ሰማያዊ እስክሪብቷቸውን አወጡ፤ ጫፏን ላስ አድርገው ጀመሩ። እጃቸው ነጠብጣብ አይስትም። እኔ ያን ጊዜ ካላበኝ ሩቡን እንኳ አላላባቸውም። እኔ ጻፍሁ፣ እሳቸው ሄዱበት፤ ዕቃ የሚያነሳ ዘመድ መጥቶ ቆሞ ጠበቀን።

የመጨረሻው ወረቀት ላይ ነጠብጣቡን ከመጀመሬ በፊት ከእጄ ነጠቁኝ። በባዶው ላይ ጻፉ። «ቀለሙ» ደህና ሄደ። «የጫልቱ» ላይ ጫ ዞሮ ወደ ኋላ አየ። አዩት። ላጲስ አልጠየቁም። በላዩ አንድ መስመር አሰመሩና ከጎኑ እንደገና ጻፉት፤ ይኸኛው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሣጥኑን ከነቁልፉ ሰጡኝ። ያልተነኩት ከሥር ናቸው። እስክሪብቷን ክዳኗን ገጥመው ጉያቸው ውስጥ ከተቱ። ድንጋዮቹን ብጠይቃቸው ተዋቸው አሉኝ፤ ተከራዩ ጭቃ እንዳይረግጥ። ምሳ ሳልበላ እንዳልሄድም ከለከሉኝ።

የተመለስሁበት ቀን።

ሣጥኑን ጣሪያ ላይ አላስጫንሁም። ከጌዶ እስከ አዲስ አበባ ጭኔ ላይ ነበር፤ ረዳቱ ለሣጥኑ ሌላ ወንበር ያዝ ሲለኝ ጭኔ ወንበሩ ነው አልኩት። አምቦ ላይ ዲንቃ በመስኮት ሣጥኑን አይቶ የአውቶቡሱን ጎን በእጁ ሁለት ጊዜ መታና አውቶቡሱን አሰናበተ፤ ለሚን ሲያሰናብት እንዲያ ያደርግ ነበር መሰለኝ። አዲስ ዓለም ወርጄ፣ ሣጥኑን ተሸክሜ፣ ከማዶዋ ሴት ቤት ፍርፍሬን ጨረስሁ። በዚህኛው ጊዜ ሾፌሩም አጠገቤ ተቀምጦ ይበላ ነበር፤ አስቀድሜ እሱን ጋብዤ ነው የገባሁት።

ሰብለ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገለጠች። ያን የተሰረዘውን ወረቀት ስታይ ቆም አለች። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አልተቀመጡም። በመሐሉ ባዶ የነበረው ቦታ ሞልቷል። ፊቱ ላይ የሚለጠፈውን ካርድ ሰብለ ራሷ ጻፈችው።

አዴ ጫልቱ ነቀምት ከገቡ በኋላ ደወልሁላቸው። ካርዱ ላይ ምን እንደተጻፈ ላንብብልዎ አልኩ። ልጃቸው ስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ያዘችላቸው። «የለሚ የሜዳ ደብተሮች፤ እርሳስ፣ ለሚ፤ ቀለም፣ ባለቤታቸው ጫልቱ» ብዬ አነበብሁ። ታላቄ ቢሰማኝ ይኮራብኛል ብዬ በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረስሁት።

«ፈጠንህ» አሉኝ አዴ ጫልቱ። «እንደገና። ቀስ ብለህ።»

ቀስ ብዬ አነበብሁላቸው። በዚህ የሚበልጠኝ የለም።